ሽማግሌ ያስቀመጠ ሐምራዊ ቀበቶ

ባል ያላት ሴት ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ማነቅ ያምራታል። ምነው ሳቅሽ? አንቺን እኮ ነው! አንተም አትሳቅ፤ የሚያምራት ማንን እንደሆነ ልብህ ያውቀዋል። እኔ ከሌሎቹ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እነሱ ሲያምራቸው ሽንኩርት ከትፈው ይወጣላቸዋል፤ እኔ ማትናስ ሄጄ፣ ፈቃደኛ ሰው አንቄ፣ እኔም ታንቄ፣ ቤቴ ሰላም ብዬ እገባለሁ።

ማትናስ ያልኳችሁ እዚህ እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ፣ ናሕሊኤል ሰፈር ያለው አዳራሻችን ነው። ስብሰባው እዚያ፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱ እዚያ፣ "ኢትዮጵያውያንን ከኅብረተሰቡ ለማቀላቀል" እየተባለ የመጣ ፕሮጀክት ሁሉ የሚወለደውም የሚሞተውም እዚያ ነው። እኔን ግን ያቀላቀለኝ ፕሮጀክት አይደለም። በር መሳሳት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተነካከሱ ልጆች ሳላቅቅ እየዋልኩ ወገቤ እንቢ አለኝ። ሐኪሙ ከኮምፒዩተሩ ቀና እንኳ ሳይል "ስፖርት ሥሪ" አለኝ። ለሴቶች ጂምናስቲክ ተመዘገብኩና በቀጠሮው ቀን በሩን ከፈትኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ! "ተመስገን፣ ጸሎት ላይ ደረስኩ!" ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሻሼን አስተካከልኩ፣ ከኋላ ቆሜ እኔም እጅ ነሣሁ። "አሜን" ልል አፌን ስከፍት አንዱ ሌላውን አንገቱን ይዞ ወለሉ ላይ ዘረጋው… የዚህስ ሃይማኖት ካህን ማን ይሆን እያልኩ ሳማትር፣ ጆሮው እንደ ተጨመቀ ጎመን የተኮማተረ ግዙፍ ሰው ወደኔ መጣ። አሠልጣኙ ኦፌር ነበር።

"አዲስ ነሽ?"

"አዎ… ግን እኔ…"

"ግን የሚባል የለም፤ ግቢ!"

እኛ ባደግንበት አገር ትልቅ ሰው ግቢ ካለ ይገባል። ገባሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልወጣሁም።

ስፖርቱ ብራዚላዊ ጁጂትሱ ይባላል። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም። መሬት ላይ ተያይዞ መንከባለል ነው። ክንዱን ወይ አንገቱን የተያዘ ሰው ሲበቃው በእጁ መታ መታ ያደርጋል፣ ወዲያው ይለቀቃል። "እጅ ሰጠ" የምንለው አማርኛ ለካ ለዚህ ኖሯል! ጀማሪ ነጭ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር። እዚህ አገር ጥቁር ለመባል ዓመታት ሙሉ ላቡን የሚያፈስ ሰው አየሁ ስለው ደሳለኝ አላመነኝም። እኛ እኮ ገና ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ነው በነፃ የታደለን!

ደሳለኝ ባሌ ነው። አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ በረሮ ሲያይ "ትርንጎ!" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ነው። ወንድና ሴት ተያይዞ የሚንከባለልበት ቦታ እንደምሄድ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። "ለሰው አትናገሪ።" ስለዚህ ለሰፈሩ ዕብራይስጥ እየተማርኩ ነው ተባለ። ደግሞ አላለቀም! ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ እኔ ዕብራይስጥ እማራለሁ። እናቴማ "የኔ ልጅ ጭንቅላት ምን ቢደፈን ነው? እኔ እንኳ አሮጊቷ በስድስት ወር ገበያ ላይ መከራከር ችያለሁ" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኔ እንቁላል ሰማያዊ ቀበቶ ላይ ደረሰና ቁጭ አለ፤ አልነሣም አለ። ሐምራዊው ራቀኝ። ሐምራዊ የመሃሉ ቀበቶ ነው፤ ያንን የታጠቀ ሰው ጀማሪም አይደል፣ አዋቂም አይደል። ነጭ ለባሽ ቢሸነፍ ማንም አይታዘበውም፤ ጥቁር ለባሽ አይሸነፍም። ሐምራዊን ግን ከላይ ያሉት ይጨፈልቁታል፣ ከታች ያሉት ያሳድዱታል። ልክ እንደ ምራት በሉት። እና ይህን መከራ ነው እንግዲህ እኔ እንቅልፍ አጥቼ የምመኘው!

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በልጬ ነበር። ጨዋ ሴት አንገት ደፊ ናት እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ ሲናገር አንገቴን ደፋሁ፤ አማቴ ስትናገር ደፋሁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ "ትርንጎ ከባድ ስም ነው፣ ኤስቴር፣ ባጭሩ ኤስቲ እንበልሽ" ስትል ደፋሁ። እዚህ ስመጣ ኦፌር ጮኸ። "እዩዋት! አገጯን እንዴት እንደምትቀብር እዩዋት! እንዲህ አንገቷን የደፋችን ሴት ማነቅ አይቻልም!" እዩልኝማ… ያን ሁሉ ዘመን ጨዋነት ሲመስለኝ፣ ለካ መከላከያ ኖሯል።

አንድ ያኒቭ የሚባል ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት ከሀደራ ምዕራብ በባቡር ቴል አቪቭ እየሄደ የኮምፒዩተር ሥራ ይሠራል፤ ማታ ማታ እኛን ያስተምራል። አሠልጣኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ! እሱም እንደኔው ሰማያዊ ለባሽ ነው። ግን ሰው ደረት ላይ ተቀምጦም ያስተምራል፣ ሰው ደረቱ ላይ ተቀምጦበትም ያስተምራል። "ኤስቲ፣ እግርሽን አጥፊ። ኤስቲ፣ ተንፍሺ።" ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ተነሥልኝና ልተንፍስ! አንድ ቀን ስጥለው ምን አለኝ መሰላችሁ? "እናንተ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯችሁ ጠንካሮች ናችሁ።" ሲጥለኝ ደግሞ "እናንተ በተፈጥሯችሁ ትዕግሥተኞች ናችሁ።" እሱ ሲያሸንፍ በጭንቅላቱ ነው፤ እኔ ሳሸንፍ በተፈጥሮዬ! ሐምራዊውን ቀድሞ የሚታጠቀው እሱ መሆኑንም ማንም ሳይጠይቀው ወስኗል።

ታዲያ አንድ ሳምንት ኦፌር ሰብስቦን "የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ" አለ። ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ማለት ቀበቶ አለ ማለት ነው። በዚያው ማታ ያኒቭ በልምምድ ላይ ኮሌታዬን ይዞ እንደ ልብስ ጠምዝዞ ጨመቀኝ፤ በማግሥቱ ስነሣ አንገቴ ዙሪያውን ቀልቷል።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከታች ፎቅ የምትኖረውን ወይዘሮ ብርቄን አገኘኋት። ወይዘሮ ብርቄ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ አያድርባትም እንጂ።

"ኧረ በሞትኩት! አንገትሽ ምን ሆነ?"

እኔም ሐቀኛ ነኝ፤ "ታንቄ ነዋ!" አልኳት።

"ማን ነው ያነቀሽ?"

"ልማዱ ነው ተይው! አንዴ ከያዘ አይለቅም…" ብዬ ላብራራላት ስል አውቶቡሴ መጣ። ሮጬ ገባሁ። በመስኮት ሳያት ታጣፊ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ እየዘረጋች ነበር። ሀደራ መሃል ከተማ ሳልደርስ ወሬው ደረሰ መሰለኝ፤ ገበያ ላይ ያገኙኝ ሴቶች ሁሉ እጄን ጨብጠው "አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል" ይሉኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ወገቤን የሚሉ መስሎኝ "ተመስገን፣ ስለምደው ተሻለኝ" እላቸዋለሁ!

ከሰንበት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አባ ፈረደና ሁለት ሽማግሌዎች ኩታቸውን ለብሰው፣ እናቴን አስቀድመው ገቡ። አባ ፈረደ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው፤ እሳቸው ያልገቡበት ጠብ ጠብ አይባልም። ደሳለኝ የሌሊት ፈረቃ ነድቶ ገና መንቃቱ ነው፤ ፀጉሩ እንደቆመ ወንበር አቀረበ። አባ ፈረደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ደሳለኝ፤ እጅ የእግዜር ስጦታ ነው። የተሰጠን ለሥራ ነው።"

"አዎ አባ" አለ ደሳለኝ፣ ስለ አውቶቡስ ሊመክሩት የመጡ መስሎት። "እኔም መሪው ላይ ነው የማውለው።"

"ቤት ስትገባስ?"

"ቤትማ… የቴሌቪዥኑ መቀየሪያ ላይ።"

"አትቀልድ! ሚስትህን ትመታለህ እየተባለ ነው። አንገቷን ተመልከት!"

ደሳለኝ አንገቴን አየ። እኔ ደሳለኝን አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ "ባል ነው፣ ይቆጣል፤ ያለ ነው። ግን ልጄ ደሳለኝ፣ አንገት ላይ ለምን? ሰው በሚያየው ቦታ!" አለች። ሰማችሁልኝ? የእናቴ ቅሬታ ስለ ቦታው ነበር።

መከራው የደሳለኝ ነው። ሚስቱን የሚመታ ባል ልባል ወይስ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር የምትታገል ባል? ግንባሩ ላቡን አወጣ። ጣራውን አየ፤ ወለሉን አየ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው…

"አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ!"

አመነ! በረሮ የሚፈራው ባሌ፣ ያላደረገውን መታሁ ብሎ አመነ! ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ተነፈሱ። "አየህ፣ ማመን ትልቅነት ነው" አሉት። "በል ሁለተኛ አይልመድህ፤ ግንባሯን ሳማት። አንቺም ብትሆኚ አታናድጂው።" አለቀ። ይኸው ነው! አባ ፈረደ ሰዓታቸውን አዩ፤ እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ሳህን ታንቀጫቅጭ ጀመር። አንገቴ በባሌ እጅ ታንቆ ቢሆን ኖሮ የፍርዱ ርዝመት ይህችው ነበረች ማለት ነው።

ይኼኔ ደሜ ፈላ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል የሰማሁትን ሁሉ ረሳሁ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ቦርሳዬን ጎትቼ ነጩን የትግል ልብሴንና ሰማያዊ ቀበቶዬን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት።

"ደሳለኝ አልመታኝም! እኔ ዕብራይስጥ አልማርም! ትግል ነው የምማረው። ያነቀኝ ያኒቭ ነው!"

"ያኒቭ ማን ነው?" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

"አብሮኝ የሚታገል ነዋ።"

"ወንድ ነው?"

"አዎ።"

ጓዳ ውስጥ ሳህን ተሰበረ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ… አባ ፈረደ ኩታቸውን ወደ ላይ ወረወሩት፤ ሁለተኛው ሽማግሌ "ኧረ ጉድ!" እያሉ ጉልበታቸውን ደበደቡ፤ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

"ምነው ቢመታሽ ይሻል ነበር!"

እንግዲህ በዚህች ቤት፣ በዚያች ሰዓት፣ ለመመታት አንድ ግንባር መሳም፣ ለመታገል ግን ክርክሩ እስኪመሽ ሄደ። ፍርዱ ተነበበ። ከነገ ጀምሮ ታቆሚያለሽ፤ እምቢ ካልሽ ከሰንበት ማዕድም ከለቅሶም ከሠርግም ትቀሪያለሽ፤ ጠሪም አይኖርሽ፣ ቀባሪም አይኖርሽ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር ያለን ሀብት ያው እርስ በርሳችን ነው። ያኒቭ እንኳ እንደዚያ አንቆኝ አያውቅም።

"አባ" አልኳቸው በመጨረሻ፣ "እርስዎ ያላዩትን ፈርደው ያውቃሉ?"

"አላውቅም!"

"እንግዲያው ዓርብ መጥተው ይዩ። ነውር ያዩ እንደሆነ በራሴ እጅ ቀበቶውን አቃጥላለሁ።"

አባ ፈረደ በፍርዳቸው የመጣባቸውን ነገር አይወዱም። "እንመጣለን!" አሉ።

ሲወጡ ደሳለኝን ያዝኩት። "ለምንድን ነው ያላደረግከውን ያመንከው?"

"ቀለለኝ" አለ። "ለመምታት ትንሽ ወቀሳ ነው፤ ያንቺን ነገር መናገር ግን የዕድሜ ልክ ነው።"

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ገና በቀትር፣ ሽማግሌዎቹና እናቴ ማትናስ መጡ። ደመና ስለነበር እናቴ ዣንጥላዋን ይዛለች። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረላቸው። ተማሪዎቹ ተሰልፈው እጅ ሲነሡ አባ ፈረደ ክብሩ ለሳቸው መሰላቸውና ብድግ ብለው "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ ልጆቼ" አሉ። ሁሉም ተቀመጠ! ኦፌር እንኳ ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

ደሳለኝ አስተርጓሚ ሆነ። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ ኦፌር አባ ፈረደን "አንተ ሽማግሌ፣ ምቹ ነህ?" ሲላቸው ደሳለኝ "እንኳን ደህና መጡልን አባታችን፣ ወንበሩ ተስማማዎት ወይ?" ብሎ ይተረጉማል። ባሌ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን የነዳው አስቸጋሪ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ትግሉ ተጀመረ። መጀመሪያ የደረሰኝ ከጦር ሠራዊት ፈቃድ የመጣ ጎረምሳ ነበር፤ እንደ ሊጥ ዳመጠኝ። ከታቹ ሆኜ የምሰማው የአባ ፈረደን ድምፅ ነው።

"ደሳለኝ፣ ይኼ ልጅ ለምን ተኛባት?"

"ስፖርት ነው አባ።"

"አንተስ ለምን ቁጭ አልክ?"

"እኔማ… ተመልካች ነኝ አባ።"

ቀጥሎ አንዲት ፖሊስ ሴት ክንዴን አጣመመችው፤ መታ መታ አደረግሁ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ጋጋሪ መጣ፤ እሱን እንኳ መታገል አይባልም፣ ከሥሩ መውጣት ነው። ላቤ እየተንጠፈጠፈ ሳየው ግን የሽማግሌዎቹ ፊት ተለውጧል። ነውር ፍለጋ የመጣ ዓይን ቶሎ ይሰለቻል፤ ላብና ትንፋሽ ብቻ ነው ያገኙት። ሁለተኛው ሽማግሌማ ጭራሽ "እግሩን! እግሩን ጥለፊው!" ማለት ጀምረዋል። አባ ፈረደ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

በመጨረሻ ያኒቭ መጣ። ተያያዝን። እንደልማዱ ገና ሳይጥለኝ ማስተማር ጀመረ። "ኤስቲ፣ ቸኮልሽ። ኤስቲ፣ ወገብሽን አንሺ።" አነሣሁት፤ ተገለበጠና ከኋላው ሆንኩ። ክንዴ አንገቱ ሥር ገባ። እሱ ግን አላቆመም! "ጥሩ፤ ግን አንቺ ሁልጊዜ የምትሳሳቺው ክርንሽን ወደ ደረትሽ ስለማታስጠጊ…"

እኔ አንገት ደፊ ነኝ፤ የተባልኩትን እሠራለሁ። ክርኔን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

"…ህ…"

ከዚያ በኋላ ትምህርት ተቋረጠ። ያኒቭ ወለሉን መታ መታ አደረገ። አባ ፈረደ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አድርገው "ዝም አሰኘችው እኮ!" አሉ። ይኼን ደሳለኝ አልተረጎመውም።

ኦፌር ሐምራዊውን ቀበቶ ከኋላው አወጣ። "ኤስቲ ግትር ናት" አለ፣ "ተጨፍልቃ ሄደች ስል በማግሥቱ ትመጣለች።" ደሳለኝ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "'ልጃችሁ ጨዋና ታታሪ ናት' ይላል" አለ። ኦፌር ሰማያዊውን ፈትቶ ሐምራዊውን ወገቤ ላይ ሲያስር እናቴ ደሳለኝን ጠጋ ብላ "መቀነት ነው እንዴ የሸለሟት?" ብላ ጠየቀችው። "እንደሱ በይው" አላት።

ያኒቭ አንገቱን እያሸ "ለሴቶች ሌላ መለኪያ አለ ማለት ነው?" አለ።

"አለ" አለ ኦፌር። "አንተን ማነቅ።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ባማረ! ግን የዚህ ስፖርት ሰዎች አንድ ወግ አላቸው። አዲስ ቀበቶ ያገኘ ሰው ጓደኞቹ በሁለት ረድፍ ይሰለፉና በመሃል ሲያልፍ በቀበቷቸው ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። እንኳን ደስ አለህ ማለታቸው ነው። እኔ ይህን ለሽማግሌዎቹ መናገር ረስቻለሁ! ረድፉ ተሠራ፤ ቀበቶው ሁሉ ከየወገቡ ተፈታ። ይባስ ብሎ ኦፌር በደስታ ቀበቶውን ፈትቶ ለደሳለኝ አቀበለው።

"ክብሩ የባል ነው! አንተ ጀምር፣ ምታት!"

እስቲ አስቡት። ሚስቱን መታሁ ብሎ ባመነ በሳምንቱ፣ ደሳለኝ በሦስት ሽማግሌና በአንዲት አማት ፊት፣ ቀበቶ በእጁ ይዞ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜያለሁ። አዳራሹ ያጨበጭባል። የደሳለኝ ፊት አመድ መሰለ።

"ደሳለኝ" አሉ አባ ፈረደ ቀስ ብለው፣ "አስቀምጣት።"

እባብ የያዘ ይመስል ቀበቶዋን ወረወራት። ኦፌር ምንም ስላልገባው ትከሻውን ሰብቆ ለሌሎቹ ምልክት ሰጠ፤ እኔም በረድፉ መሃል ማለፍ ጀመርኩ። ወታደሩ ቸብ አደረገኝ፤ ፖሊሷ እየሳቀች ቸብ አደረገችኝ፤ ጋጋሪው ዱቄቱን የሚያራግፍ መሰለ። ያኒቭ ጋ ስደርስ ግን… ያኒቭ ቂሙን ሁሉ እጁ ላይ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ቀበቶዋ ጀርባዬ ላይ ጮኸች። "እህ!" አልኩ፤ ሳልወድ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የወንበር መውደቅ ነው።

"አንተ! ልጄን? በፊቴ?"

እናቴ! ጉልበቷን ሁልጊዜ የሚያማት እናቴ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍራሹን ተሻግራ ደረሰች። ዣንጥላዋ ተነሣ፤ ያኒቭ ትከሻ ላይ አረፈ። "ባሏ ያልነካትን! አባቷ ያልነካትን! አንተ ማን ነህ? ማን ነህ አንተ?" ያኒቭ ምስኪን፣ በልማዱ ጭኑን መታ መታ አደረገ፤ በቃኝ፣ እጅ ሰጥቻለሁ ማለቱ ነው። እጅ መስጠት በጭን መሆኑን ለእናቴ ማን ነግሯት? ደገመችው! ኦፌር ሊገላግል ገባና ድርሻውን ወሰደ። "ደሳለኝ! ምንድን ነው የምትለው?" ብሎ ሲጮህ፣ ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሳምር ተረጎመው። "ልጄን የሚመታት ወንድ የለም እያለች ነው።"

በስንት ልመና ዣንጥላዋን አስቀመጠች። ያኒቭ ቀበቶውን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ጆሮው ቀልቷል። "አበዛሁት" አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ምክር እንኳ! ኦፌር እናቴን ከላይ እስከ ታች አያትና "እሷን ሰኞ ይዘሻት ነይ" አለኝ። ይህንንም አልተረጎምንላትም፤ ትመጣለች ብለን ፈርተን።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዷን ይዤ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ባል ቢቆጣ ያለ ነው ብለሽ አልነበር?"

ዣንጥላዋ ተጣሟል፤ እሱን ልታቃና ትታገላለች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር "ያን ጊዜ ሰምቼ ነው፤ አላየሁም ነበር" አለችኝ። "ሲያዩት ሌላ ነው።"



ሽማግሌዎቹ እዚያው መንገድ ላይ ተማክረው ፍርዳቸውን አሻሻሉ። በሰንበት ማዕድም፣ በለቅሶም፣ በሠርግም ቦታዬ ያው ሆነ። አባ ፈረደ ደሳለኝን ለብቻው ጠርተው ትከሻውን ይዘው መከሩት። "ልጄ፤ ምናልባት ክፉ ቀን ቢመጣና ብትበረታብህ፣ አትፈር። የቤቴ በር ክፍት ነው።"

ይኸው በዚህ አበቃ ብዬ ነበር። ሳምንታት አለፉና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ፈረደ ደወሉልኝ።

"ልጄ ትርንጎ፣ ሽምግልና አለብን፤ አብረሽን ትሄጃለሽ።"

"እኔ? እኔ ሽማግሌ አይደለሁም እኮ አባ!"

"አውቃለሁ። አንድ ሰውዬ አለ። እንመክረዋለን፣ እሺ ይላል፤ ግንባሯን ይስማል፤ ይደግማል። እንመክረዋለን፣ እሺ ይላል… ሚስቲቱን ባለፈው አየኋት። አየኋት፣ ትርንጎ።"

"እኔ ታዲያ ምን እላለሁ?"

"ምንም አትይም። ከጎናችን ቁጭ ነው። ያችን መቀነትሽን ግን ታጥቀሽ ነይ።"

በቀሚሴ ላይ ሐምራዊውን ቀበቶ ጠበቅ አድርጌ ሄድኩ። ሰውዬው ደረተ ሰፊ ነው፤ እግሩን አነባብሮ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቷል። ሚስቱ በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳ ጥግ ቆማለች። አባ ፈረደ ጀመሩ፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ስለሚባለው። ሰውዬው እንደለመደው ራሱን እየነቀነቀ "እሺ አባቶቼ፣ እሺ" ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰዓት ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓይኑ ከሰዓቱ ወርዶ እኔ ላይ አረፈ። ወገቤን አየ። ጆሮዬን አየ፤ ጆሮዬም እንደ ኦፌር መኮማተር ጀምሯል። ያነባበረውን እግሩን ቀስ ብሎ አወረደ።

"ይችስ ማን ናት?" አለ።

አባ ፈረደ የቀረበላቸውን ውኃ ጎንጨት አሉ።

"እሷ? እሷ ምሳሌው ያልገባው ሰው ሲኖር የምታስረዳልን ናት።"